ከወንበሩ ስር

የራዲያተር ውሃ ሲፈላ ሽታው ይጣፍጣል። ይህን ስል ሰው ይስቅብኛል እንጂ፣ ልጆች ሆነን የምንጠጣውን የሳል ሽሮፕ እሳት ላይ የጣዱት ይመስላል። ባለፈው ሳምንት ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ፣ ወገቤን እየደገፍኩ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ጥቂት እንደነዳሁ ከኮፈኑ ስር ነጭ እንፋሎት ተነሣ። ጥግ ይዤ አጠፋሁትና ለወንድሜ ደወልኩለት።

«እንዳትከፍቺው፣ ያቃጥልሻል። መጣሁ» አለኝ።

አውቶቡስ መጠበቂያው ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። የሚቀልጠው በረዶ ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል፤ ያ ጣፋጭ ሽታ ደግሞ ካፖርቴ ላይ ተለጥፎ አልለቅ አለኝ። ደክሞኝ ነበር። ሰው ሲደክመው ትዝታን መልሶ የሚሸኝበት ጉልበት የለውም፤ እንዳመጣጡ ይቀበለዋል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። እማዬ፣ ወንድሜና እኔ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባለው የስደተኞች ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ላይ እንኖር ነበር። ኮሪደሩ የአሥር አገር ወጥ ይሸታል፤ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት ይበልጣል። ወንድሜ ሬክስዴል ካለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ በአውቶቡስና በባቡር ሲንከራተት ከርሞ፣ በመጨረሻ አንዲት ያገለገለች ቀይ የጃፓን መኪና ገዛ። ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ሌላው ሰው ሚስት ሲያገባ እንደዚያ አይደሰትም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በጥርስ ብሩሽ ቸርኬዋን ያጥባል። እኔ አጠገቡ ቆሜ «የጥርስ ሳሙናውንስ ረሳኸው» እያልኩ እስቅበታለሁ።

መኪናዋ የመጣች ቀን እማዬ ከፎቅ ወረደች። ዞራ አየቻት፣ አማተበችባት፣ ከዚያም ከነጠላዋ ስር አንድ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥታ ከሾፌሩ ወንበር ስር አስቀመጠች። ከአገር ቤት ሰው ያመጣላት የማርያም ጠበል ነው። «አደራ፣ ከዚህ እንዳይወጣ» አለችው።

የዚህን ጠርሙስ ነገር እንድትረጂው ስለ ታላቃችን ልንገርሽ። እኔ ፊቱን በደንብ አላስታውሰውም። በደርግ ጊዜ ለውትድርና ተወስዶ አልተመለሰም። እማዬ ስትሸኘው ጠበል ረጭታው ነበር፤ ጠርሙሱን ግን አላስያዘችውም። ጥድፊያ ስለነበር ረሳችው። ከዚያ በኋላ ሱዳንም ሳለን፣ እዚህም ከመጣን፣ ሐዘኗ ሁሉ ወደዚያች መርሳት ዞረ። «ባስይዘው ኖሮ» ትላለች ሽንኩርት እየከተፈች፤ «ባስይዘው ኖሮ» ትላለች ልብስ እያጠፈች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ስለዚህ የቀረላት ወንድ ልጅ ያለዚያ ጠርሙስ እንዲንቀሳቀስ አትፈልግም ነበር። ሌላው ልመናዋ እንዳይፈጥን ነው። እሱ ግን መፍጠን ይወድ ነበር፣ ምን ታደርጊዋለሽ።

ፋብሪካው ውስጥ አብሮት የሚሠራ አንድ የትሪኒዳድ ሰው ነበር። እሱ ነው የነገረው። የመኪና ወዳጆች ማኅበር የእሽቅድምድም ሜዳ ይከራያል፤ ተራ ሰዎች የገዛ መኪናቸውን ይዘው ሄደው በየተራ እንደልባቸው ይነዱበታል። ፖሊስ የለ፣ የትራፊክ መብራት የለ። እማዬ ብትሰማ ጎማው ፊት ትተኛ ነበር። ስለዚህ «የፋብሪካው ሽርሽር ነው» አላት። እኔን ይዞኝ የሄደው ለውሸቱ ማዳመቂያ ነው፤ እህቱን አስከትሎ የሚሄድ ሰው ምን ክፋት ይሠራል? እማዬም አምና ዳቦና ቆሎ ቋጠረችልን፣ ብርድ ይሆናል ብላ ጋቢዋን ጨመረችልን።

ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የበቆሎ እርሻ ካለፉ በኋላ ነው። ጠዋቱ ጭጋጋም ነበር። የታጨደ ሣርና የቤንዚን ሽታ አንድ ላይ ይመጣል፤ ከጭጋጉ ወዲያ የማይታይ መኪና ይጮኻል። ነጭ ጢም ያላቸው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በየመኪናው አንገታቸውን እያስገቡ ይፈትሻሉ። «ኤቭሪቲንግ አውት!» ይላሉ፤ የሚንከባለል፣ የሚወድቅ፣ የሚወረወር ነገር ሁሉ መውጣት አለበት። ይህችን ከምታህል መኪና የወጣውን ጉድ ባየሽ! ክሪክ፣ ትርፍ ጎማ፣ ምንጣፎች፣ ጃንጥላ፣ ጋቢው፣ የቆሎው ፌስታል፣ ክረምቱን ሙሉ ስፈልገው የከረምኩት ጓንቴ። ሁሉም ሣሩ ላይ ተዘረገፈ፤ እኔም ትርፍ ጎማው ላይ ተቀምጬ ዘበኛ ሆንኩ።

በመጨረሻ ጠርሙሱን አወጣ። «ያዥልኝ» ብሎ ዘረጋልኝ።

እጄን ሰበሰብኩ። «ዛሬ አልይዝም» አልኩት።

ነገሩ ቶሎ አልገባውም። ሲገባው አፈረና ፊቱን አዞረ። የወር አበባዬ ላይ ነበርኩ። እንዲያ ባለ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አንገባም፣ ጠበልም አንነካም፤ ማንም ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሳይሆን አብሬው ያደግኩት ነገር ነው። ሣሩ ላይ እንዳያስቀምጠው፣ ጠበል እግር በሚረግጠው መሬት ላይ አይቀመጥም። ለጓደኛው እንዳይሰጠው፣ ሰውየው ተራ ውሃ መስሎት ቢጠጣውስ? ሽማግሌው ደግሞ አጠገባችን ያለችው መኪና ጋ ደርሰዋል። ወንድሜ ጠርሙሱን በእጁ አገላበጠ፣ ዙሪያውን ቃኘ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መልሶ ከወንበሩ ስር ሸጎጠው።

«እዚያው ይሁን። እሷስ ከዚያ እንዳይወጣ አይደል ያለችው?» አለኝ።

ሽማግሌው መጥተው ዙሪያውን አዩ። ባዶ ነው። «ጉድ ቱ ጎ» ብለው ጣሪያዋን መታ መታ አደረጉ።

መጀመሪያ ላይ እንዴት ደስ ይል ነበር! ከጓደኛው በተዋሰው ሄልሜት ጭንቅላቱ ሁለት እጥፍ ሆኖ፣ አጥሩ ጋ ከቆምኩበት ፊት ለፊት እያለፈ ጥሩምባውን ይነፋልኛል። በሕይወቴ ወንድሜን እንደዚያ ቀሎት አይቼው አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አላየሁትም። ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ከቆምኩበት ዝቅ ብሎ አንድ ቁልቁለት አለ፤ መጨረሻው ላይ መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እዚያ ሲደርሱ ሁሉም ፍሬን ስለሚይዙ የኋላ መብራታቸው ይበራል። እኔም አይቼ አይቼ ለምጄው ነበር፤ መኪና ይወርዳል፣ ቀይ መብራት ይበራል፣ መኪና ይታጠፋል።

የወንድሜ መብራት አልበራም።

ቀይዋ መኪና ቀጥ ብላ ወረደች፣ በመጨረሻ ዞር ለማለት ሞከረች፣ ሣሩን እያረሰች ሄዳ ዳር ላይ የተቆለለ የአሮጌ ጎማ ክምር ውስጥ በአፍንጫዋ ተሰነቀረች። ድምፁ እንደፈራሁት አልነበረም። ፍራሽ በዱላ ሲመቱት ያለ ድፍን ድምፅ ነው። ስሮጥ ጫማዬ ወለቀ። መኪናዋ ጋ ስደርስ እንፋሎቱና ያ ጣፋጭ ሽታ ተቀበሉኝ፣ ወንድሜም በራሱ እግር ወጥቶ ቆሞ ነበር። ከንፈሩ ደምቷል፣ ግራ እጁን ደረቱ ላይ አቅፏል። በቀኝ እጁ ጠርሙሱን ይዟል።

«ፍሬኑ አልወርድ አለኝ» አለኝ። «ተንከባሎ ከስሩ ገብቶ። ብረግጠው፣ ብረግጠው፣ ጫማዬ ጠርሙሱ ላይ ያርፋል... በእጅ ፍሬን ባልይዛት ኖሮ...»

ጠርሙሱ ወገቡ ላይ ተጨፍልቋል፤ ግን አልፈነዳም። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ለቅሶዬ ቀደመው። ወንድሜ ሽማግሌው ሳይደርሱብን ቶሎ ብሎ ጠርሙሱን ጃኬቱ ውስጥ ከተተው።

«እማዬ እንዳትሰማ» አለኝ። «መጋጨቴንማ ታየዋለች። ይሄን ነው። አደራሽን።»

ማስረዳት አላስፈለገውም። ዕድሜዋን ሙሉ «ባስይዘው ኖሮ» ስትል የኖረች ሴት፣ ያስያዘችው ነገር ይኼኛውን ልጇን ሊገድልባት እንደነበር ብትሰማ ምን ይቀራታል?

ትሪኒዳዳዊው መኪናዋን ጎትቶልን፣ የወንድሜንም እጅ አሳሽገን፣ አመሻሹ ላይ ቤት ገባን። በመንገድ ላይ ውሸቱን አሰናድተነዋል። ሚዳቋ ገባችብን ልንል ነው።

«ሚዳቋ?» አለች እማዬ፣ የታሸገውን እጅ እያየች። «ሚዳቋ አስፋልት ላይ ምን ትሠራለች?»

«እዚህ አገር ትገባለች እማዬ። ምልክት ሁሉ ተሠርቶላታል።»

«ጠበሉስ?»

ከጃኬቱ አውጥቶ ሰጣት። ተቀበለችው። መብራቱ ስር ወስዳ አገላብጣ አየችው፤ ብዙ አየችው። ከዚያ ሳመችው። «ተመስገን። እሷ ናት ያተረፈችህ» አለች።

«አዎ፣ እሷ ናት» አለ ወንድሜ።

ቀይዋ መኪና አልተረፈችም። ወንድሜም ዳግመኛ እዚያ ሜዳ አልሄደም፤ ስለመኪና ማውራቱንም ቀስ በቀስ ተወው። በኋላ አንድ ግራጫ መኪና ገዛና እንደ ቄስ መንዳት ጀመረ። እማዬም እዚያች መኪና ውስጥ ጠርሙስ አላስቀመጠችም። በዚያ ፈንታ ሥራ ሲወጣ በር ላይ ትጠብቀውና በመዳፏ አድርጋ ፊቱ ላይ ትረጨዋለች። በጥር ብርድ «እማዬ፣ በረዶ ይሆንብኛል!» እያለ አንገቱን ይሰብራል፤ ሳይረጭ ወጥቶ ግን አያውቅም። እኔ ጠበሉ እያለቀባት ስትቆጥብ ነበር የመሰለኝ።

ዓመታት አለፉ። እማዬ በመጨረሻዋ ክረምት አልጋ ላይ ሳለች፣ አንድ ከሰዓት እግሯን ቅባት እቀባላት ነበር። ዓይኗን ጨፍና፣ የተኛች መስላኝ፣

«ያቺ ሚዳቋ ደህና ናት?» አለችኝ።

መድኃኒቱ መስሎኝ «የቷ ሚዳቋ፣ እማዬ?» አልኳት።

«ወንድምሽ የገጫት።» ከንፈሯ ጫፍ ላይ የድሮ ተንኮሏ ነበረ። «ጠርሙሱ ላይ የጫማው ሶል ታትሞ ነበር። ሚዳቋ ጫማ ታደርጋለች እንዴ?»

እጄ እግሯ ላይ ቀረ። እሷ ቀጠለች። «ጠበሉ ምን አጠፋ፣ አስቀማጯ ናት እንጂ። ያኛውን ሳላስይዘው አጣሁት፣ ይኼኛውን አስይዤው ላጣው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእጄ ላይ ብቻ ሰጠሁት።» ትንሽ ተነፈሰችና ዓይኗን ገለጠች። «ታዲያ እንዳትነግሪው። አላወቀችም ብሎ ነው ደስ ያለው። አደራሽን።»

ያኔ አለቀስኩ። እሷና ወንድሜ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ገበታ ከበው ሲበሉ፣ አንዱ ሌላውን እንዳያሳዝን ያንኑ ነገር በየፊናቸው ደብቀውታል፤ መሃል ላይ ተቀምጬ እንጀራ የማቀርበው እኔ ነበርኩ።

ይህን ሳስብ ወንድሜ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ መጣ። ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል፤ ሲራመድ እግሩን ይጎትታል። ሞተሩ እስኪበርድ አብረን ቆምን። የላላውን ቱቦ አጠበቀ፣ ውሃ ሞላ፣ እጁን ጨርቅ ላይ ጠረገ።

«እኔ ልንዳልሽ፣ ደክሞሻል» አለኝ።

የሾፌሩን በር ከፈተ። ከመቀመጡ በፊት ጎንበስ ብሎ እጁን ከወንበሩ ስር አስገባና ከዳር እስከ ዳር ዳበሰ። የማንም መኪና ይሁን እንደዚያ ሳያደርግ አይነዳም። ልጆቹ ይስቁበታል። እማዬን የቀበርን ቀን እንኳን፣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እየጠበቀው፣ በጥቁር ሱፉ ተንበርክኮ ዳብሷል።

ልነግረው አፌ ላይ ደረሰ። እማዬ ታውቅ ነበር፣ በሰላም ነው የሄደችው፣ ተው አሁን ይብቃህ ልለው። አደራዋ ያዘኝ። የሱም አደራ ገና እኔው ላይ ነው፤ ሁለቱንም ይዤ ደክሞኛል።

እጁን አወጣና ቀና አለ።

«ምንም የለም» አለ፣ ለራሱ።

«አዎ» አልኩት። «ምንም የለም።»