የአባዬ ፒካፕና የግዛው ጎማ

ልጅ እያለሁ ቂመኛ ነበርኩ። ስሜ ትዕግስት ይሁን እንጂ እማዬ «ይቺ ልጅ ከአባታችን ሆይ በፊት የበደሏትን ሰዎች ስም ነው የምትደግመው» እያለች ለጎረቤት ታወራብኝ ነበር። የልጅነት ቂሞቼ አብዛኞቹ ረግፈዋል፤ እርሳሴን ማን እንደሰበረው እንኳ አላስታውስም። አንዱ ግን እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜን ያሞቀዋል። እሱም የጎማ ጉዳይ ነው።

ቤታችን አፍንጮ በር ነበር። አባዬ አንዲት ሰማያዊ ፒካፕ ነበረችው፤ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ደግሞ በግራና በቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው አራት ጎማ። ከኋላ ስለምትሰፋ የሰፈሩ ጎረምሶች «ዳሌ» ይሏታል። ጋቢናዋ ናፍጣና ዝናብ የነካው ሸራ ይሸታል፤ በዚያ ላይ አባዬ ለጠረን ብሎ መስታወቱ ሥር የሚደረድረው የብርቱካን ልጣጭ አለ። ዕቃ እያመላለሰ ነው ያሳደገን። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ አብሬው እሄዳለሁ፤ ከፍ ብዬ ተቀምጬ ፒያሳን ከላይ ወደ ታች ሳይ ንግሥት የሆንኩ ይመስለኛል።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጋሽ ግዛው የሚባል የጎማ ነጋዴ ነበር። ልጁ ሮማን የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጣለን፣ ከትምህርት ስንመለስ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። አባዬም ጎማ ሲያስፈልገው ሌላ ቦታ አይሄድም። «የልጅሽ ጓደኛ አባት አይደል» ይላል ለእማዬ። ያን ዓመት ለኋላ አራት ጎማ ከጋሽ ግዛው ገዛ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ገና ሲያዩት አዲስ የሚመስል ጎማ።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ የአባዬ የልብ ጓደኛ ጋሽ አየለ የማተሚያ ማሽኑን ከአሮጌ ቤቱ ፒያሳ ወደተከራየው ቤት እንዲያዛውርለት ጠየቀው። ጋሽ አየለ የሰርግ ጥሪ ወረቀትና ደረሰኝ የሚያትም ሰው ነው፤ ያለው ሀብት ያ ማሽን ብቻ ነበር። ስምንት ሰው ተሸክሞ ጫነው። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ከግራ በኩል አንዱ የኋላ ጎማ እንደ ጥይት ጮኸ፤ ወዲያው ሁለተኛው ተከተለ። ፒካፗ ተንጋደደች፣ ገመዱ ተበጠሰ፣ ማሽኑ አስፋልቱ ላይ ወድቆ ለሁለት ተከፈለ። የእኔ ግንባር ከመስታወቱ ጋር ተጋጨ። ከወረድን በኋላ የማስታውሰው የጋሽ አየለን ፊት ነው፤ የተሰበረውን ብረት እንደ ሰው እጅ ይዞ ቆሞ ነበር።

ጋሽ ግዛው ከሱቁ ወጣ። ሕዝብ ተሰብስቧል። አባዬ ምንም ሳይናገር እሱ ጮክ ብሎ «ከአቅሟ በላይ ጭነህ ጎማዬን አታሰድብ! ይቺ መኪና ሽንኩርት ጫንባት። ብረት የሚጭነው መኪና ያለው ሰው ነው» አለ። ሰው ሳቀ። ጋሽ አየለም ሰማ፤ አመነውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬን ሰላም አላለውም።

በማግስቱ አባዬ የፈነዱትን ጎማዎች ጋሽ ኑሪ ጋር ወሰዳቸው። ጋሽ ኑሪ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ በጎማ ጥገና ያረጀ ሰው ነው፤ እጁን ዓይኑን ያህል ያምነዋል። ጎማውን ሰንጥቆ ውስጡን ዳሰሰና ለአባዬ አሳየው። ውስጡ ተሰነጣጥቆ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ላዩን ብቻ አዲስ ላስቲክ ለብጠው ቀለም ቀብተውታል። «ይሄ የሞተ ነው ወንድሜ፤ ገንዘው ነው የሸጡልህ» አለ። አባዬ ጎማውን ተሸክሞ ጋሽ ግዛው ጋ ቢሄድ «ከኔ ለመግዛትህ ምን ምስክር አለህ?» ተባለ።

እኔ የበኩሌን አደረግኩ። ከክፍል ጠመኔ ሰርቄ፣ ሱቁ ለምሳ ሲዘጋ በቆርቆሮ በሩ ላይ «እዚህ የሞተ ጎማ ይሸጣል» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። መንገደኛው እያነበበ ሲስቅ ከማዶ ቆሜ አየሁ፤ እንደዚያ ቀን ምሳ ጣፍጦኝ አያውቅም። ጽሑፉን በሹራቧ እጅጌ ያጠፋችው ሮማን ናት። ፊደሌን ታውቀዋለች፤ «ህ»ን እንዴት እንደማጣምም ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ለአባቷ አልተናገረችብኝም። በማግስቱ ዴስካችን ላይ ስትቀመጥ እጅጌዋ ላይ የጠመኔው ነጭ ነበር።

አባዬ ግን ሌላ ሥራ ያዘ። ሰፈራችን አንድ ግቢ ውስጥ ሞተሩ የወረደ የጭነት መኪና ሣር በቅሎበት ቆሞ ነበር፤ ባለቤቱን ለምኖ ቸርኬዎቹን፣ ጎማ የሚለብሱትን ብረቶች፣ ፈታቸው። ጎማውን ከሌላ ሱቅ አዲሱን፣ ወረቀቱ ያልተላጠውን ገዛ፤ ለዚያ ሲባል ያን ዓመት ለእንቁጣጣሽ በግ አልታረደም። እማዬ አጉረመረመች፣ እኔ ግን በደስታ ሽሮ በላሁ።

የጭነት መኪና ቸርኬ ለፒካፕ አይገጥምም፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ አይገናኝም። ስለዚህ አባዬና ጋሽ ኑሪ ቶርኖ ቤት እየተመላለሱ በመሃል የሚገባ ወፍራም ብረት አስቀረጹ። ብረቱ ሲላጥ የሚወጣው ሽታ፣ እየተጠቀለለ የሚረግፈው ሰማያዊ ፍቅፋቂ አሁንም ትዝ ይለኛል። ተሠርቶ ሲያልቅ ስድስቱንም ጎማ ቀየሩ። ጋሽ ኑሪ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ ቀና ሲል «ጎማው ይችላል። አጥንቷ፣ ሻንሲው፣ ግን ያው የድሮው ነው። ጉልበት አገኘሁ ብለህ እንዳትታበይ» አለው። አባዬ «ጉልበቱን አንድ ቀን ብቻ ነው የምፈልገው» አለ።

ዳሌ ከፍ አለች፣ ኮራች። ባዶዋን ስትሄድ ጥርስ ታንቀጫቅጫለች፤ ጎማው ስለተለቀ የፍጥነት ቆጣሪዋ ከሄደችው አሳንሶ ይናገራል። ጭነት ሲኖራት ግን መሬቱን ነክሳ ትይዛለች። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ድንጋይ ጫነች። ከአደጋው በኋላ የሸሿት ባለሱቆች ተመልሰው መጡ። ማሽኑን አስበይዶ ፒያሳ ሥራ የጀመረው ጋሽ አየለ ብቻ ቀረ።

በቀጣዩ በልግ አንድ ቅዳሜ፣ ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ገና እንደራሰ፣ ሲሚንቶ ጭነን ወደ ፒያሳ ስንወጣ ድልድዩ ላይ መንገድ ተዘግቶ አገኘን። የጋሽ ግዛው የራሱ የጭነት መኪና፣ ጎማ እንደጫነች፣ ዳገቱ ሥር ሞተሯ ጠፍቶ ቆማለች። ሁለት ታክሲዎች ሊጎትቷት ሞክረው ጎማቸው እየተንሸራተተ ትተዋታል። ትራፊኩ ያፏጫል። ሮማን ከአባቷ ጎን ጋቢና ውስጥ ናት።

አባዬ ወረደ። ጋሽ ግዛው ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጎትተኝ» አለ ወደ መሬት እያየ።

«ሽንኩርት ብቻ ነው የምጭነው» አለ አባዬ።

«ተወው ያለፈውን። ሰው እያየን ነው።»

«እሱማ እያየን ነው።»

ገመዱን ግን አሰረለት። ዳሌ አንዴ አጓርታ ወጠረች፤ አዳዲሶቹ ጎማዎች እርጥቡን አስፋልት ይዘው ያቺን መኪና ከነጭነቷ ሳቧት። ሕዝቡ አጨበጨበ። አባዬ በእርምጃ ነበር የሚነዳው፣ ሁሉም አይቶ እንዲጠግብ። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳ ላይ ስንወጣ ይፈታዋል ብዬ ስጠብቅ የጋሽ አየለ ማተሚያ ቤት በር ላይ ሲደርስ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ጋሽ አየለ ቀለም የነካውን ሽርጥ እንደታጠቀ ወጣ።

አባዬ ወርዶ ወደ ኋላ ሄደ። «ግዛው፣ ውረድ። ለአየለ ንገረው።»

«ምኑን?»

«የጎማውን።»

ጥሩምባው ከኋላ ይጮሃል። አንድ የታክሲ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ኧረ ጋሼ፣ ይናዘዙና መንገዱ ይከፈት!» አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ግዛው ግራ ቀኝ አየ፤ መውጫ የለም። «ያረጀ ነበር» አለ በአፍንጫው።

«አልሰማም።»

«ያረጀ ጎማ ነበር! አስለብጬ ነው የሸጥኩት። እያወቅኩ። ይበቃሃል?»

እኔ ጋቢናው ውስጥ ተንበርክኬ በኋላው መስኮት እያየሁ ነበር። ከገመዱ ማዶ ሮማን አፏን በእጇ ይዛ ታየኛለች። ለእርዳታ ይሁን ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም። ሳቅኩባት። ጥርሴን አሳይቼ፣ በጣቴ እየጠቆምኩ፣ ሳቅኩባት።

ጋሽ አየለ መጥቶ አባዬን አቀፈው። አባዬም አለቀሰ። ቤት ገብተን አባዬ ታሪኩን ሲያወራ እማዬ እስከ መጨረሻው ሰማችውና «ልጅቷ ፊት ባታደርገው ምን ነበረበት?» ብቻ አለች። ሰኞ ሮማን ወደ ሌላ ዴስክ ተዛወረች፤ ዓመቱም ሳያልቅ ከትምህርት ቤታችን ወጣች።

አባዬ ካረፈ ቆይቷል። አምና ጋሽ ግዛው ሞተ ሲሉኝ ሥላሴ ለቀብር ሄድኩ። ለሐዘን ነው ብዬ አልዋሽም፤ አፈሩ ሲመለስበት ለማየት ነበር የሄድኩት። ሮማን ጠቁራ፣ ከስታ፣ ፀጉሯ ሸብቶ አገኘኋት። እዝን ላይ እጄ ላይ ንፍሮ ዘግና ሰጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ በማተሚያ ቤቱ በር አልፎ አያውቅም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሐኪም ቤት እንኳ ስንወስደው በሌላ ዙሩልኝ ይል ነበር።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ንጹሕ ደስታ። ቀጥሎ ግን እጅጌዋን አየሁ፤ ጥቁሩን እጅጌ እንደ ያኔው ጠመኔ አመድ ነክቶታል። አንገቴን ደፋሁ።

ማተሚያ ቤቱም፣ ሱቁም፣ የጎረቤቶቹ ቤቶችም ዛሬ የሉም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ የዚያን ሰፈር ሰው አንዱን ከከተማው ጫፍ፣ ሌላውን ከሌላው ጫፍ ፈልጎ ማግኘት ነው። ድሮ ከሮማን ጋር ተኳርፈን ስናድር ጠዋት አንዳችን የሌላችን በር ላይ ቆመን «ነይ እንጂ፣ ይረፍድብናል» ካልን ታረቅን ማለት ነበር። ለግዛው እስከ ዛሬ አላዘንኩም። ሮማንን ግን ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ፣ እዝኑ ላይ ሰው በዛና ስልክ ብቻ ተለዋወጥን። ዓመት ሆነው። አንዳንድ ቀን ስልኬ ላይ ስሟን አወጣና አየዋለሁ፤ እስካሁን አልደወልኩም። እሷም አልደወለችም።