የአንድ እግር ሂና

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ናዲፋን የማያውቅ በር የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና አሥራ ሦስት ዓመት ጥቁር ጃንጥላዋን ዘርግታ ቤት ለቤት ዞራለች። ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን የደም ግፊት ኪኒኑን "ዋጥኩ" ብሎ ትራስ ሥር እንደሚደብቅ ታውቃለች። "ዓይኔ አይስትም" ትላለች፤ ጉራ አይደለም፣ እውነቷን ነው። አንድ ጊዜ ግን ስቷል። ያንንም ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሙት ራሷ ቀድማ ታወራዋለች።

አዬዮ ላዳን በደረቁ የደቻቱ ወንዝ ዳር ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። "አዬዮ" በሶማሊኛ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በዚሁ ይጠራታል፤ እኛ ድሬዎች አንቱታ ስለማናበዛም "አንቺ" ነው የምንላት። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ የመርሳት በሽታ ይዟት ልጇን ሳሃልን በሟች ወንድሟ ስም ትጠራዋለች። ሳሃል የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። አሮጊቷ የቀረችው ከምራቷ ከሂንዳ ጋር ነው። ሂንዳ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች።

በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ቤት ስትገባ የምትጠይቀው አስታማሚውን ነው፤ በሽተኛን በጥያቄ ማድከም ነውር ነው። ናዲፋም በየወሩ እየመጣች "አዬዮ እንዴት ናት?" ትላለች፤ ሂንዳ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት" ትላለች። አንሶላው ንጹሕ፣ ከቀሚሷ ጫፍ ብቅ ያለው እግር ሂና የተቀባ ነው። ናዲፋ "እንክብካቤ ጥሩ" ብላ ጽፋ ትወጣለች። "ምራት ማለት ሂንዳ" እያለችም ለሰፈሩ አውርታለች።

አንድ የነሐሴ ጠዋት ሂንዳ ሻይ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። አዬዮ ስትገላበጥ ቀሚሷ ወደ ላይ ተሰበሰበ። የግራ ቁርጭምጭሚቷ ዙሪያውን ጠቁሮ እስኪታይ ሂና ተቀብቷል፤ ቀኙ ባዶ ነው። ለሠርግም ሆነ ለዒድ፣ በአንድ እግሯ ብቻ ሂና የምትቀባ ሴት ናዲፋ አይታ አታውቅም። ጎንበስ ብላ ስትዳስሰው ከቀለሙ ሥር ቆዳው ሻክሯል፣ አብጧል። አሮጊቷ እግሯን ሰበሰበች።

"አዬዮ፣ እግርሽን ምን ነካው?" አለች፤ ራሷን አሮጊቷን ስትጠይቃት የመጀመሪያዋ ነበር።

አዬዮ በጣቷ የአልጋውን እግር አሳየቻት። እዚያ ላይ ቀይ ሻሽ ተቋጥሯል።

ሂንዳ የሻይ ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "አትጻፊው" አለች። "አምና ክረምት ገበያዬ ልሄድ ብላ ወጥታ ደቻቱ ውስጥ አገኘናት። እሷን ባወጣናት በሰዓቱ ጎርፉ መጣ። ሥራ ስሄድ ማን ይይዛታል? ወላሂ ናዲፋ፣ እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው ያሰርኳት። ቁስሉን ሰው እንዳያየው ሂና ቀባሁበት።"

ናዲፋ በሂንዳ ተናደደች፤ የባሰው ንዴት ግን በራሷ ነበር።

"እጽፈዋለሁ" አለች። "የአንቺንም፣ ሳልጠይቃት የከረምኩትን የእኔንም።"

"ሰው ምን ይለኛል?"

"ይላል፣ ከዚያ ይረሳል። ታስራ ብትሞት ግን አንቺ አትረሺውም።"

ሻሹን በእጇ ፈታችው። በዚያው ቀን አሮጊቷን በባጃጅ ጤና ጣቢያ አድርሳ ቁስሉን አሳከመች፣ ለቀበሌው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም አሳወቀች፤ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱን በባለሱቋ በቱሪያ ደጃፍ ሰበሰበች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እዚያ ያበሩት ግን አንዲት አሮጊት እንዳትታሰር ነው።

"አቦ ሂንዳ፣ እኔ እዚሁ ተገትሬ አይደል የምውለው? ለምን አልነገርሽኝም?" አለች ቱሪያ ተቆጥታ።

ከማግስቱ ጀምሮ አዬዮ ሱቁ በረንዳ ላይ ትውላለች። ናዲፋ ያረጁ ጨርቆች ሰብስባ ሰጠቻት፤ እያጠፈች ትደረድራለች፣ ለአላፊ አግዳሚው ዋጋ ትጠራለች። ገበያዋ ደጇ ድረስ ስለመጣላት ደቻቱን ረሳችው። ቱሪያ የማትኖርበትን ሰዓት ጎረቤቶች ተከፋፍለውታል።

ናዲፋ አሁን የትም ቤት ስትገባ መጀመሪያ በሽተኛውን ነው የምትጠይቀው፤ ነውር ነው የሚላት ካለ ይበላት።

"አዬዮ፣ እንዴት ነሽ?" አለቻት ለዒድ ዋዜማ።

"ልትገዢ ነው ልታወሪ?" አለች አዬዮ።

ሂንዳ ከእግሯ ሥር ተቀምጣ ሂና እየቀባቻት ነበር፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱንም እግር። የግራው ጠባሳ ላይ ስትደርስ ዘለለችው።

"ይኼኛውስ?" አለች ናዲፋ።

"ይታይ" አለች ሂንዳ፣ ቀና ሳትል።