ለጎረቤት የታደለ ኪኒን

ጅጅጋ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከሰሜን ሸዋ ተመድቤ ስመጣ አንድ ዓመት ችዬ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው አምስተኛዬን ያዝኩ። ጥፋቱ የአከራዬ ነው። የግመል ወተት ነጋዴ ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔን ግን ከልጆቿ ለይታ አታየኝም። "ሆዮ" እላታለሁ፣ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። አንቱታውን ያስተወችኝ ራሷ ናት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ደም ግፊት ተገኘባትና በቀን አንድ የምትዋጥ ኪኒን ታዘዘላት። ኪኒኗን የምትውጠው ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ጎረቤቶቿ ሻይ ሊጠጡ ሲመጡ ነበር። ታዲያ እንግዳ አስቀምጣ ብቻዋን ልትውጥ ነው? ሆዮ እንዲህ ያለውን አታውቅም። ከማሸጊያው እያወጣች አንድ አንድ ታድላቸዋለች፤ እነሱም "ቢስሚላህ" ብለው ይውጣሉ። የወሩ ኪኒን በሳምንት ያልቅና ቀሪውን ጊዜ ያለ መድኃኒት ትከርማለች።

እኔ ይህን እያየሁ ነው። እንዲያውም አንድ ቀን ካርቶኑን አንስቼ ውስጡ ያለውን ወረቀት አንብቤያለሁ፤ ያልታዘዘለት ሰው እንዳይወስደው ይላል። ዝም አልኩ። ተከራይ ነኝ፣ ምን አገባኝ አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ነገሩ አስቆኝ ነበር። በማግስቱ መምህራን ክፍል ገብቼ "ኪኒን እንደ ቴምር የሚያዞሩ ሴቶች አሉላችሁ" እያልኩ ሰዉን በሳቅ ገደልኩት። ያን ሰሞን ለተማሪዎቼ የማስተምረው ስለ ልብና ስለ ደም ዝውውር ነበር።

በሚቀጥለው ወር አዲሱ ካርቶን በመጣ በሦስተኛው ቀን፣ ከሦስቱ ቀጭኗ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ልትሄድ ብድግ ስትል እዚያው ወደቀች። በባጃጅ ይዘናት ወደ ጤና ጣቢያ ስንበር ጭንቅላቷ እኔ ጭን ላይ ነበር። ሰባት ልጆች አሏት። ብትሞትስ እያልኩ ሹፌሩን አጣድፈዋለሁ። ነርሱ ምን እንደወሰደች ሲጠይቅ ሴቶቹ ተያዩ። የመለስኩት እኔ ነኝ፤ የኪኒኑን ስም፣ መጠኑን፣ ስንት ቀን እንደዋጠችው አንድም ሳላጎድል ነገርኩት። የእሷ ግፊት ድሮውንም ዝቅተኛ ነው አለ። ጉሉኮስ ተሰካላትና ብዙም ሳትቆይ ዓይኗን ገልጣ ለልጆቿ እራት ማን እንደሠራ መጠየቅ ጀመረች። አልሃምዱሊላህ፤ እኔም ያኔ ነው የተነፈስኩት። የሆዮም ግፊት ተለካ፤ ከፍ ብሎ ተገኘና ኪኒኗን አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጥ ተነገራት።

በማግስቱ ሻይ ላይ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። እኔ በአማርኛ እያስረዳሁ፣ ሆዮ በሶማሊኛ እየተረጎመች፣ ልብስ ሰፊዋም ትራስ ተደግፋ እየሰማች። ደስ አለኝ፤ የተማረ ሰው በጎረቤት መኖሩ ለዚህ ነው ብዬ ትንሽ ኮራሁም። ስጨርስ ሆዮ ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

"ይህን መቼ ነው ያነበብሽው?"

"ባለፈው ወር" አልኳት።

አልተቆጣችም። እንደወትሮው የእኔን ሻይ ቀድማ ቀዳችልኝ።

"እኔ ብቻዬን መዋጥ ነውር መስሎኝ አካፈልኩ" አለች። "አንቺ ብቻሽን ማወቅ ነውር አልመሰለሽም?"