እግር ላይ የታሰረ አደራ

መሣሪያዎቹ ከክብሪት ቀፎ አይበልጡም። ሁለት ናቸው፤ በቀኝና በግራ ቁርጭምጭሚት ላይ በላስቲክ ማሰሪያ ይታሰራሉ። ልጁ ሲራመድ እርምጃውን ይቆጥራሉ፤ የትኛው እግር መሬት ላይ እንደቆየ፣ የትኛው እንደተጎተተ ይመዘግባሉ። ከሰባት ቀን በኋላ ፈትቼ ከኮምፒውተር ጋር ሳገናኛቸው የሳምንቱ አካሄድ በመስመር ተስሎ ይወጣል።

እኔ መተማ ውስጥ የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። አገሩ ግን «ወጌሻው» ይለኛል። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ወጌሻ መባሌ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ተውኩት ብል ውሸት ይሆናል። ጠባዬ እንደዚያ ነው። ቶሎ እቆጣለሁ፣ ቶሎም እረሳለሁ፤ የተቆጣሁት ሰው እንደማይረሳ ግን ብዙ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

መሣሪያዎቹን የወደድኳቸው በምክንያት ነው። እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ እኔ ዘንድ ሲመጣ፣ እናቱ ከኋላው «ቀጥ በል» እያለችው፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ጥቂት እርምጃ ይራመድልኛል። ያ አካሄድ እንደ ዓመት በዓል ልብስ ነው፤ ለሰው ፊት የሚለበስ። ልጁ የሚኖርበት መሬት ደግሞ ክረምት ከእግር የሚጣበቅ፣ በጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ዋልካ ነው። እዚያ እንዴት እንደሚውል የማይበት መንገድ አልነበረኝም። «ሰው ያፍራል፣ መሣሪያ አያፍርም» እያልኩ ለሥራ ባልደረቦቼ እቀልድ ነበር። በቀልዴም እኮራ ነበር።

በመስከረም መጨረሻ አንዲት ልጅ ከሽንፋ በኩል መጣች። ስምንት ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ሰሊጥና ማሽላ አራሾች ናቸው። ስትወለድ ታፍና ስለቆየች ቀኝ ጎኗ አይታዘዛትም፤ የቀኝ ተረከዟ መሬት አይነካም፣ በጣቶቿ ነው የምትረግጠው። በዚያን ጊዜ ከጎንደር በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጣ የቀዶ ሕክምና ቡድን ነበር። የተረከዝ ጅማት አላልቶ፣ የእግር መደገፊያ ሰጥቶ ልጆችን ያስተካክላል። ቦታው ጥቂት ስለሆነ የሚወስዱት ቤታቸው ሲውሉ በራሳቸው እግር እንደሚንቀሳቀሱ መሣሪያው የመዘገበላቸውን ነው፤ ለማይራመደው ዊልቸር ይሰጠዋል። ስለዚህ ልጅቷ ተረከዟን መሬት ለማስነካት የነበራት ዕድል የተንጠለጠለው በእነዚያ ሰባት ቀኖች ላይ ነበር።

ማሰሪያውን አጠበቅኩና ለእናቷ መመሪያ ሰጠሁ። «ውኃ እንዳይነካው። እንዳይጋጭ። እንዳይጠፋ፤ የመንግሥት ዕቃ ነው፣ ተተኪ የለውም። አደራ» አልኳት። አደራ ያልኩት ሦስት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። «ልጅቷ እንደ ወትሮዋ ትዋል» ማለቴንም አምናለሁ። ብዬ ከሆነም በሩ ላይ ቆሜ፣ ቀጣዩን ታካሚ እየጠራሁ ነው።

«በእግዜር ፊት ተቀብያለሁ» አለች እናቷ። ልጅቷን አዝላ ወጣች።

በስምንተኛው ቀን መጡ። መሣሪያዎቹ እንደተሰጡ ነበሩ፤ ጭረት የለባቸው፣ አቧራ የለባቸው። ቆላ ውስጥ በልጅ እግር ላይ ሰባት ቀን የዋለ ዕቃ እንደዚያ ንጹሕ ሊሆን እንደማይችል ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። ኮምፒውተሩ ላይ የወጣው መስመር የተኛ ነው። ጠዋት ጥቂት እርምጃ፣ ማታ ጥቂት፣ ሌላው ጭጭ። ልጅቷ ክፍሌ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ስትሄድ በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ግን ዓይኔን ትቼ መስመሩን አመንኩ።

«ልጅን እንደ ጉልቻ ጎልቶ ማስቀመጥ ፍቅር መሰለሽ?» አልኳት።

«እንዳሉኝ ነው ያደረግሁ» አለች ወለሉን እያየች።

ሰበብ መሰለኝ። ወረቀቱ ላይ «ቤት ውስጥ አትራመድም፤ ዊልቸር ያስፈልጋታል» ብዬ ፈረምኩ። ቡድኑም የልጅቷን ቦታ ለሌላ ልጅ ሰጠ።

ዊልቸሩ የደረሰው በጥቅምት አጋማሽ ነው። በቁመቷ ለማስተካከል በመኪና ጭኜው ወደ ማሳቸው ወረድኩ። የሰሊጥ አጨዳው ጦፎ ነበር። ሳሉግ የሚባሉት፣ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች፣ ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ። መኪናው ዳር ላይ ሲቆም አንዲት ልጅ በግራ እጇ ትንሽ ጀሪካን ይዛ፣ ቀኝ እግሯን እየጎተተች፣ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ውኃ ስታዞር አየሁ። ስንጥቅ ሲያጋጥማት ቆም ትልና ግራዋን ታሻግራለች፣ ቀኙን ታስከትላለች፣ እንደገና ትቀጥላለች። ፈጣን ናት። ማን እንደሆነች ሳውቅ ደስ ብሎኝ ጮክ ብዬ ጠራኋት።

ዞር ብላ አየችኝ። ጀሪካኑን ለቀቀችውና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቀሚሷን እግሯ ላይ ሳበች።

«አልሄድሁም» አለችኝ። «ቁጭ ብዬ ነው የዋልሁ።»

ውኃው እየፈሰሰ ስንጥቁ ውስጥ ይገባ ነበር።

እናቷ ለሠራተኞቹ ከአገዳ ከተሠራው ጥላ፣ ራኩባ ከሚሉት፣ ወጥታ መጣች። ልጅቷ በየቀኑ እንደዚህ የምትውል ከሆነ ያን ሳምንት ለምን አልሄደችም ብዬ ጠየቅኳት። ነገሩን የነገረችኝ ያለ ቁጣ ነው።

«ታዲያ አደራ ብለውኝ የለ? ውኃ አይንካው አሉ፤ የእሷ ሥራ ውኃ ነው። አይጋጭ አሉ፤ እሷ ስትሄድ ስንቴ ትወድቃለች። አልጋ ላይ አስቀመጥኋት። ለሽንት እንኳ ጠዋትና ማታ እኔው ነኝ ተሸክሜ የማወጣት። ስታለቅስ ‹የሰው አደራ እግርሽ ላይ አለ፣ ታገሺ› እላታለሁ። ሰባት ቀን ማሳ አልወረድሁም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ?»

መስመሩ ላይ ያየኋት ያቺ የጠዋትና የማታ ጥቂት እርምጃም የእናቷ ነበረች።

በእኛ አገር ሰርቆ የታሰረ ሰው ተፈትቶ ከጎረቤቱ ጋር ይኖራል። «አደራ በላ» የተባለ ሰው ግን ስሙ ለልጆቹም ይተርፋል። ይህን ደጋ ተወልጄ ያደግኩት እኔ አጥቼው አይደለም። ቃሉን እንደ መፈክር ጣል አደረግኩት፣ እሷ ደግሞ እንደሚገባው አድርጋ ያዘችው። መሣሪያውን የማማበት ነገር የለኝም፤ የሆነውን በትክክል መዝግቧል። ወለምታ እያሸሁ የምኖር ሰው ነኝ፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ግን ያን ቀን ነው በደንብ የገባኝ። አፈርኩ። ልጅቷን ከመሬት ላነሳት ስጠጋ እግሯን ሰብሰብ አደረገች፣ እሱም አሳፈረኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት እናቷን።

«ኧረ ምን ሲደረግ። እኔ መጠየቅ ነበረብኝ እንጂ እርስዎ ምን አጠፉ።»

ዊልቸሩን ከመኪናው አላወረድኩትም። በማግስቱ መሣሪያዎቹን ይዤ ተመለስኩና ራሴ አሰርኩላት። «ይርጠብ፣ ይጋጭ፣ ይጥፋ። አንቺ ብቻ እንደ ልብሽ ሂጂ» አልኳት። ልጅቷ እናቷን አየች፣ እናቷ እኔን። «ፈቅደዋል፣ ሂጂ» እስክትላት ድረስ አልተነሳችም። ከሰባት ቀን በኋላ መሣሪያዎቹ አፈር ጠግበው፣ አንደኛው ማሰሪያ ተበጥሶ በገመድ ታስሮ መጡ። መስመሩ ከጠዋት እስከ ማታ ሞልቶ ነበር።

ወደ ጎንደር ደወልኩ፣ አዲሱንም መረጃ ላኩ። የዚያ ዙር ቦታ አልቋል፤ ከፋሲካ በኋላ ትምጣ አሉኝ። ልጅ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። አጥንቱ ሲረዝም የተኮማተረው ጅማት አብሮ አይረዝምለትም። በየወሩ እያሸሁላት፣ እየሳብኩላት፣ ተረከዟ ከመሬት የራቀውን ስለካ ቆየሁ። እስከ ፋሲካ ድረስ አንድ ጣት ያህል ጨምሮ ነበር።

ቡድኑ ሲመጣ የቀዶ ሐኪሙ እግሯን በመዳፉ ወደ ላይ ገፋው፤ አልሄድ አለው። ባለፈው ዙር ብትመጣ ኖሮ ቀላል ነበር አለ። አሁን ግን ብዙ መክፈት ይጠይቃል፣ ጄሶ ውስጥም ረዘም ያለ ጊዜ ትቆያለች፣ ያም ሆኖ ተረከዟ ሙሉ በሙሉ ላይወርድ ይችላል። ከዚያ ቀና ብሎ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለ።

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቷ መለሰች።

«እኔ ነኝ ያዘገየኋት፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ ተቆጣት። ስለ ቸልተኝነት፣ ስለ ልጅ አያያዝ ብዙ ተናገራት። ወለሉን እያየች ሰማችው፤ ልጅቷ የእናቷን እጅ ይዛ ነበር። እኔ አጠገባቸው ነጭ ጋውኔን ለብሼ ቆሜያለሁ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ» አላልኩም።