አመድ የለበሱ ደሴቶች

እኔ ልጅ ሳለሁ ፈዛዛ ነበርሁ፤ ሰው ሁሉ የሚለው እንደዚያ ነበር። ያኔ ዓባይ ማዶ ተከራይተን ስንኖር፣ እማዬ ጨው፣ ክብሪትና ሳሙና ግዥ ብላ ስትልከኝ ክብሪቱን ብቻ ይዤ ከች እላለሁ። «ኧረ ይችን ልጅ ምን ላድርጋት!» ትል ነበር። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዬም ጓደኞቼ አንደኛ ክፍል ሲገቡ እኔ እንድደግም ፈለገች፤ እማዬም በማግስቱ መልስ ልትሰጣት ተስማማች። ከጓደኞቼ መለየት ለእኔ ሞት ነበር።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከደልጊ መጥተው እኛ ዘንድ ሰነበቱ። ማታ ማታ እሳቱ ለነገ እንዲያድር ፍሙን በአመድ የሚዳፍኑት እሳቸው ነበሩ፤ ግን ዝም ብለው አይዳፍኑትም። ፍሙን እዚህም እዚያም ያኖሩና በሐይቁ ደሴቶች ስም እየጠሩ «ይኸ ደቅ ነው፣ ይኸ ክብራን፣ ያ ደብረ ማርያም» ይሉኛል። አመድ ካለበሷቸው በኋላ፣ ጢስ ባጠቆረው ማድ ቤት ውስጥ፣ ጦጣ ከጉማሬ ሸሽታ በታንኳ ከደሴት ደሴት ስትዞር ይተርቱልኛል። ተረቱ ሲያልቅ እንጨት ያቀብሉኛል።

«በይ፣ የሄደችበትን በተራ ክፈችልኝ።»

አስተማሪዬ እማዬን ያነጋገረች ዕለት ማታ እማዬ «አባ፣ ነገ አስተማሪዋን እሽ እላታለሁ፤ ልጅቷ አትይዝም» ስትል አያቴ ቱግ አሉ። ቁጡ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና።

«ዝም ብለሽ ተቀመጭ!»

ከወትሮው የበዙ ደሴቶች ቀበሩ፤ ጦጣዋንም ወዲያና ወዲህ አመላለሷት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ተከተልኋት። ከዚያ በተራ በተራ ጫርሁ፤ ፍሙ ቦግ ቦግ አለ፣ አንዱንም አልሳትሁም። አያቴ መልሰው ዳፈኑና እንጨቱን ለእማዬ ሰጧት። እሷ የጫረችው ቀዝቃዛ አመድ ነበር።

«አየሽ፣ ቃሉን ብቻ ስትሰጫት ይበተንባታል» አሉ። «ማኖሪያ ቦታ ስጫት።»

በማግስቱ ጠዋት እማዬ «ጨዉን በራችን ላይ አስቀምጭው፣ ክብሪቱን ዋርካው ሥር፣ ሳሙናውን ድልድዩ ጫፍ፤ በልብሽ ነው ታዲያ» ብላ ሱቅ ላከችኝ። ሦስቱንም ይዤ መጣሁ። እጄን ይዛ ትምህርት ቤት ወሰደችኝና «ልጄ አትደግምም» አለች።

ዛሬ የሕፃናት መምህራንን አሠለጥናለሁ። የትንሽ ልጅ አእምሮ ባንድ ጊዜ ብዙ ነገር መያዝ ያቅተዋል፤ ነገሩ ቦታ ሲያገኝ ግን እንዴት እንደሚነቃ ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ። የጦጣዋን ተረቶች አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። የማልረሳው እማዬ ያን ቀዝቃዛ አመድ ጭራ ጭራ ሲያቅታት፣ እንጨቱን ወርውራ በአመዳም እጇ ጉንጮቼን ይዛ ያለችኝን ነው፦

«ውይ ልጄ! ለካ እዚሁ ነበርሽ!»