ሦስት የእርሳስ ምልክቶች

ሰፈሩ ሶፋ ሠሪውን «መላ» ነው የሚለው። የተሰበረ ወንበር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ አልዘጋም ያለ በር፣ ምን አለፋችሁ፣ ሰው ተስፋ የቆረጠበትን ሁሉ ይዞለት ይመጣል። እሱም ጆሮውን እያከከ «መላ አይጠፋም» ይላል።

ሚስቱ የእህል መጋዘን ዘበኛ ናት። መጋዘኑ ዘበኞቹን መሣሪያችሁን ይዛችሁ ኑ ስለሚል፣ ባልና ሚስቱ ከተገኘው ሁሉ ርካሹን ጠመንጃ ገዙ። አይ ጠመንጃ! ሰደፉ ቁልቁል ዘምሟል፣ ማነጣጠሪያው ሽቅብ ተሰቅሏል። ጉንጯን ሰደፉ ላይ ስታሳርፍ ዓይኗ ማነጣጠሪያው ላይ አይደርስም፤ ቀና ስትል ደግሞ ጭንቅላቷ ማረፊያ አጥቶ ይዋልላል። እንዲህ ሆና መጋዘኑ በሚሰጠው የተኩስ ፈተና ወደቀች። ሁለተኛ ከወደቀች ትባረራለች። ሶፋ የሚያሠራ ሰው ከጠፋ ሰነባብቷልና ቤቱን ያቆመው የእሷ ደመወዝ ብቻ ነው።

«ታዲያ ጉንጭሽን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ነገር ልሥራልሻ!» አላት።

ከአሮጌ አልጋ ጣውላ ኮርቻ የመሰለ ነገር ጠርቦ በቀበቶ ሰደፉ ላይ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ኮርቻው ላይ ሁለት ብሎን አቆመ፤ በብሎኖቹ ላይ ስፖንጅና የሶፋ ቆዳ ያለበሳትን ትንሽ ሳንቃ አስቀመጠ። ከሥር ያሉትን ዳዶዎች ሲያዞራቸው ሳንቃዋ ከፍ ዝቅ ትላለች። ሚስቱ ባዶውን ጠመንጃ ይዛ በደረቷ ተኝታ «በቃ፣ እዚህ ጋ!» ስትለው፣ ከጎን ባቆማት ቀጭን እንጨት ላይ ቁመቱን በእርሳስ ምልክት አደረገ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጄኔራል ልታደርገኝ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን «ትንሽ ከፍ አድርግልኝ፣ ዓይኔ ዝቅ አለብኝ» አለችው። ስፖንጁ ረግቦ ነው ብሎ ራሱን ሰደበና ቀየረው። ከፍ አደረገላት፤ ሁለተኛ ምልክት። አሥር ቀን ቆይታ ደግሞ መጣች። አሁን ደግሞ ጥፋቱን በእንጨቱ ላይ አላከከ! አሮጌ ስለሆነ ሰርጉዶ ይሆናል አለ፤ ሦስተኛ ምልክት። አይ የባለሙያ ኩራት! ስፖንጁን ጠረጠረ፣ እንጨቱን ጠረጠረ፣ ቆዳውን ጠረጠረ፤ ሚስቱን ግን ቀና ብሎ አላያትም።

ለሦስተኛ ጊዜ ከፍ አድርግልኝ ስትለው ዳዶው የብሎኑ ጫፍ ደርሶ አልዞር አለ። የት ጋ እንደጎደለ ለማየት አጎንብሶ አውራ ጣቱን በጉንጯና በቆዳው መሀል ቢያስገባ፣ ጣቱ አጥንት ላይ አረፈ። ክው አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አትቀልጂብኝ!»

ነገረችው። ማታ ማታ ያተኩሳታል። ምግብ አልወርድላት ካለ ቆይቷል። ሳሏን በሻርፕ አፍና ነው የምትስለው፤ የታመመ ዘበኛ መጋዘኑ አንድ ቀን አያሳድርማ።

«ፈተናው ሐሙስ ነው። ልለፍና እታከማለሁ። እስከዚያ ረዘም ያለ ብሎን ግዛልኝ፣ የኔ ሰው» አለችው።

ብሎን ፍለጋ ወጣ። ብሎን ሻጩ «ምን ያህል ይርዘም?» ሲለው በሁለት ጣቱ ሊያሳየው እጁን ዘረጋ። ምን ያህል ይርዘም? እስከ ሐሙስ ስንት ጣት ትከሳለች? ይኼ እንዴት ተብሎ ይለካል! ያገኘውን ሁለት ብሎን ኪሱ ከትቶ ተመለሰ።

ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ጠበቀችው። «አገኘህ?»

«የለም አሉኝ።»

«አንተ? መላ አጣህ?»

«አጣሁ» አለና እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ሥራዬስ?»

«ገደል ይግባ!»

ክንዱን ይዛ ስትነሳ ብሎኖቹ ኪሱ ውስጥ ተንቃጨሉ። ኪሱን አየችው፤ ቀጥሎ ፊቱን አየችው። ተመልሳ ተቀመጠችና ጫማዋን ለማሰር ሞከረች፤ ጣቶቿ እምቢ አሏት። እሱ ተንበርክኮ አሰረላት። ክሩን ቋጥሮ ሳይጨርስ ጎንበስ ብላ ጉንጯን ትከሻው ላይ አሳረፈች። አጥንቷ ወጋው።