በግራ ትከሻ

ቀኝ ዓይኔን የወሰደው የድንጋይ ፍንጣሪ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ሰው አጥር ስገነባ፣ በመዶሻ የምጠርበው ድንጋይ ሽራፊው ተፈናጥሮ ገባ። ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ፤ ብርሃኑ ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ፣ አንዳንዱ ገና ሳይቀመጥ፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የአባቴ ምንሽር ያይ ጀመር። አንድ ዓይና ሰው ጠመንጃ ምን ያደርግለታል ማለታቸው ነው።

ታናሽ ወንድሜ በአፉ ተናገረው። የሚኖረው ለሚ ከተማ ነው፤ እህል ይነግዳል፤ ተኩስም ይወዳል። “ወንድም ጋሼ፣ ምንሽሩን እዚህ ዝገት ከሚበላው እኔ ጋ ይሁን” አለኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። አባታችን ሲሞት ጠመንጃው ለእኔ የደረሰው በታላቅነቴ ብቻ አልነበረም፤ ከሁላችንም ዒላማ የምመታ እኔ ስለነበርኩ ነው። አሁን ያ ሰው የለም ማለቱ ነበር። ዓይን እንጂ እጅ አልጠፋኝም ብዬ መለስኩለት። ጎረቤቴ የሆኑት ሽማግሌ ደግሞ እግዜር ሲወስድ አመስግኖ መተው ነው እያሉ መከሩኝ። አመሰገንኩ፤ አልተውኩም።

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰደፉን ቀኝ ትከሻዬ ላይ አስደግፌ በቀኝ ዓይኔ ሳነጣጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ሁሉም ወደ ግራ መዞር ነበረበት፤ ትከሻው፣ ጉንጩ፣ ቃታ የሚስበው ጣት። ምንሽር ደግሞ ለቀኝ ሰው ነው የተሠራው፤ ጥይት የሚያጎርሱበት እጀታው በቀኝ በኩል ነው። በግራ ስይዘው የሰው ጠመንጃ የተዋስኩ ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀችብኝ፤ ቀጥላ ተቆጣች፤ በመጨረሻ ረዳችኝ። ጓሮ በደረቴ ተኝቼ በባዶ ጠመንጃ ስለማመድ እሷ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም ታስቀምጣለች። ቃታውን ስስብ ሳንቲሙ ከወደቀ ጠመንጃው ተነቃንቋል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ሳይወድቅ የቀረበት ጊዜ የለም። ጎንበስ ቀና ስትል ወገቧ እንደተቆረጠ፣ እኔም ለሳንቲሙ ባላዝን ለእሷ ማዘን እንደሚገባኝ እያማረረች ታነሳዋለች። ትንፋሽን ከፊሉን አውጥቶ መያዝን፣ ጣትን ሳይቸኩሉ መሳብን እንደ አዲስ ተማርኩ። እያደር ሳንቲሙ ከቦታው የማይነቃነቅ ሆነ።

ከዚያ በደነባ መንገድ ግድም ወዳለው፣ ለግንብ ድንጋይ ወደማወጣበት ካባ ወርጄ በጥይት ሞከርኩት። ቅርቡን መታሁ። ሩቁን ግን ሁልጊዜ ወደ ግራ፣ ዝቅ እያለ ይስተኛል። ጥይቱ አርጅቶ ይሆናል ብዬ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። አፈሙዙ ውስጥ ዘይት ቀርቶ ይሆናል ብዬ ወለወልኩ፤ ያው ነው። እየተናደድኩ ወደ ቤት እገባለሁ፤ በማግስቱ ተመልሼ እሄዳለሁ። አንድ ቀን የግንብ ቱምቢዬን፣ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የማይበትን በክር የተንጠለጠለ ብረት፣ ዒላማው አጠገብ ሰቀልኩት። አነጣጥሬ ሳይ ክሩ ቀጥ ብሏል፤ ጠመንጃው ግን ወደ ግራ ጋደል ብሏል። ለካ ግራ ትከሻዬ ስላልለመደ ሳላውቀው አጋድለዋለሁ። ቅርብ ላይ ምንም አይደለም። ርቀቱ ሲጨምር ግን ያች ትንሽ መጋደል ጥይቱን ከዒላማው ታስወጣዋለች። ጠመንጃውን ከክሩ ጋር አስተካክዬ ተኮስኩ። ዒላማ ያደረግሁት ነጭ ድንጋይ አቧራ ሆነ።

በዓመቱ የእህቴ ልጅ ከአንኮበር ሰዎች ሊያገባ ሆነ። ጊዜው የሠርግ ተኩስ ማንንም የማያስደነግጥበት ነበር። የሙሽራዋ ወገኖች ዒላማ ይተክላሉ፤ የሙሽራው ወገን ሳይመታ ደጃቸውን አይረግጥም፤ የሚፈቀደው ሦስት ጥይት ነው አሉን። የሙሽራዋ አጎት፣ ቀልድ የሚወዱ ጢማም ሽማግሌ፣ ከገደሉ ማዶ ዝቅ ካለው ቦታ ኖራ የተቀባ ቆርቆሮ አስቁመው ደጃቸው ላይ ጠበቁን። እኛ ካለንበት ሲታይ ከጥፍር አይበልጥም።

ሁለቱን ጥይት ወንድሜ በራሱ ጠመንጃ ተኮሰ። ሁለቱም ከቆርቆሮው በስተግራ አቧራ አነሱ። ሦስተኛውን እኔ እተኩሳለሁ ብዬ ወደፊት ስወጣ ክንዴን ያዘኝና በሹክሹክታ፣ “ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ቤተሰቡን አታሳፍር። ተራውን ለጎረምሶቹ ስጣቸው” አለኝ።

“ልቀቀኝ” አልኩት።

በደረቴ ተኛሁ። እኔ ያለሁበት ሣር አይነቃነቅም። ማዶ ቆርቆሮው ሥር ያሉት ባሕር ዛፎች ግን ወደ ግራ ጎንበስ ብለዋል። ከቆላ የሚወጣው ነፋስ ገደሉን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ተኳሹን ጆሮውን እንኳ ሳይነካው ጥይቱን መሀል ላይ ይገፋዋል። ወንድሜን ያሳተው እሱ ነው። እኔ ደግሞ የዚያን ነፋስ ግፊት በግምት ለማካካስ አልፈለግሁም። ጠበቅሁ።

ዘፈኑ ቀስ በቀስ ቆመ። ከኋላዬ አንዱ “አይታየውም እኮ” ሲል ሰማሁ። ልቤ በንዴት ሲመታ የጠመንጃው ጫፍ አብሮ ይዘል ጀመር። ንዴትም እንደ ነፋሱ ጥይት ያስታል። እሱም እስኪያልፍልኝ መጠበቅ ነበረብኝ።

የሙሽራዋ አጎት ጠጋ ብለው “ትራስ እናምጣልዎት?” አሉ። ሰዉ ሳቀ።

ዓይኔን ከማዶ ሳላነሳ “ትራስ አልፈልግም፣ አባቴ። ነፋሱ ሲያልፍ እተኩሳለሁ። ካላለፈ እዚሁ አድራለሁ” አልኳቸው።

ሳቁ ቀረ። ሙሽራው ሚዜዎቹ መሀል በአዲሱ ሱፉ ላብ አጥምቆት ቆሞ ነበር፤ አሳዘነኝ፤ ግን ለእሱም ብዬ አልቸኮልኩም።

በመጨረሻ ባሕር ዛፎቹ ቀና አሉ። ወደ ታች ሲተኩሱ ጥይት ከፍ ብሎ ስለሚሄድ ከቆርቆሮው መሀል ዝቅ አድርጌ ያዝኩ። ትንፋሼን ከፊሉን ለቀቅሁ፤ ጣቴን ሳብኩ። ጥቂት ቆይቶ የቆርቆሮው ጩኸት ከማዶ መጣ።

ጎረምሶች ሮጠው አመጡት። ቀዳዳው ቀኝ ጥጉ ላይ ነው። ወንድሜ ጣቱን ከትቶ አየውና “ጠርዙን ነው የመታኸው” አለ።

“ጠርዙም ቆርቆሮ ነው” አልኩት።

መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ ጠመንጃዬን ተቀብሎ ተሸከመልኝ፤ እኔም ለዚያ ቀን ብቻ ፈቀድኩለት። ሽማግሌው እጄን ይዘው አስገቡኝ፤ ከጎናቸውም አስቀመጡኝ።

ደብረ ብርሃን በተመለስኩ በሳምንቱ ቤት የሚያሠራ ሰው ግንበኛ ፈልጎ መጣ። ዓይኔን ሲያይ አመነታ። ግድግዳው ቢጣመምስ ብሎ ጠየቀኝ። ከተጣመመ አፍርሼ በነጻ እንደምሠራው፣ ካልተጣመመ ግን ለሚያገኘው ሰው ሁሉ የሠራሁት እኔ መሆኔን እንዲናገር ነገርኩት። ተስማማ። ሰኞ ጠዋት መሠረቱን መቆፈር ጀመርን።